መልሱን ያገኘና ቆርቆሮውን ያገኘ

በልጅነቱ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ «እንቆቅልህ» ሳይባባል ያደገ ሰው ከአንባቢዎቼ መካከል ብዙ አይኖርም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ ግን «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን፣ ቸርነቱ የበዛ ዕለትም ሸዋን በሙሉ አስረክቦ ይገላገላል። እኔ በበኩሌ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ያልሰጠሁት አገር አልነበረም። በዚህ ጨዋታ እንግዲህ ቦታ የሚሰጠው መልሱን ያላወቀው ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፤ ይኸውም እንቆቅልሹን የፈታው ሰው ራሱ አንድ ቦታ የሚያገኝበት፣ በዚያም ቦታ አንድ የተደበቀ ሣጥን የሚጠብቀው ጨዋታ ነው።

ጨዋታው በፈረንጆች አፍ «ጂኦካሺንግ» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ከሳተላይቶቹ የሚላከውን የቦታ ምልክት ለተራው ሰው ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበረ፣ መቀበያ መሣሪያ የያዘ ሰው የቆመበትን ቦታ መቶ ሜትር ያህል ሊስተው ይችል ነበር። ሜይ 2 ቀን 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ማዛባት ቀረ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ክፍለ አገር ቢቨርክሪክ በምትባል መንደር አጠገብ ዱር ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ። በውስጡም ደብተርና እርሳስ፣ ከዚህም ጋር ልዩ ልዩ ዕቃዎች፣ አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ሳይቀር፣ አኖረና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለመሰሎቹ አስታወቀ። ደንቡ አጭር ነበረ፤ ያገኘው ሰው ከውስጡ አንድ ነገር ይወስዳል፣ በፈንታው አንድ ነገር ይተዋል፣ በደብተሩም ላይ ይጽፋል። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ባልዲው ተገኘ። ዛሬ እንዲህ ያሉት ሣጥኖች በዓለም ላይ ከሦስት ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይነገራል፤ ለመፈለግም የኪስ ስልክ ይበቃል።

ቁጥሩን ብቻ ተከትሎ መድረስ ለአንዳንዶቹ እጅግ የቀለለ ሆኖ ስለ ታያቸው በጨዋታው ላይ እንቆቅልሽ ጨመሩበት። በዚህኛው ዓይነት ለሕዝብ የሚገለጸው ቁጥር የሣጥኑ ቦታ አይደለም። እውነተኛው ቦታ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ሜትር እምብዛም ሳይርቅ ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን በሥዕል፣ በዜማ ምልክት ወይም በምስጢር ጽሕፈት ውስጥ ተሸሽጓል። ፈላጊው ጫማውን ከማሰሩ በፊት ቤቱ ተቀምጦ ይህን መፍታት አለበት። ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ ትንሽ ሒሳብ ልጨምር። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ በምድር ላይ 1,850 ሜትር ያህል ነው፤ የደቂቃ አንድ ሺኛ ግን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በመጨረሻው አኃዝ አንድ ቁጥር የሳተ ሰው ባለበት ቆሞ ዙሪያውን ቢያይ ሣጥኑን ያገኘዋል፤ በደቂቃው አኃዝ የሳተ ግን በሌላ ሰፈር ሲንከራተት ይውላል። (በመዝገብ ቤት የሚሠሩ ወዳጆቼ የፋይል ቁጥርም ጠባይ ይኸው ነው ይሉኛል።)

ከምስጢር ጽሕፈቶቹ ሁሉ ቀላሉ ከ26ቱ የላቲን ፊደላት እያንዳንዱን በ13 ፊደል ወደፊት መግፋት ነው። ሁለት ጊዜ ሲገፋ 26 ስለሚሞላ ጽሑፉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የሚሸፈንበትም የሚገለጥበትም ቁልፍ አንድ ነው ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ለፈላጊ የሚተዉትን ፍንጭ በዚህ ይሸፍኑታል። ይህንንም የሚያደርጉት ምስጢር ለመጠበቅ ሳይሆን፣ ፍንጭ የማይፈልግ ሰው ዓይኑ ድንገት እንዳያነብበው ነው።

እኛ ግን ለዚህ ሥራ የተመቸ ፊደል አለን። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት እርከን ስላለው፣ ፊደሉን ራሱን ሳይለውጡ እርከኑን ብቻ መግፋት ይቻላል፤ ግዕዙ ካዕብ፣ ካዕቡ ሣልስ እየሆነ ይሄድና ሳብዑ ዞሮ ግዕዝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው ክፍሎች በአንዱ፣ የዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፤

ኩዌሮኬዎ ቡሶቱሞሦሬቆ

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ ወንበር አንዱ «የየት አገር ቋንቋ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ቋንቋው የናንተው ነው፤ የተሸፈነ ብቻ ነው አልሁ። ቀጥዬም ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተደበቀ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ እንደሚኖር፣ በውስጡም አንድ አዲስ መዝገበ ቃላት እንደማስቀምጥ ነገርኋቸው። «ቆርቆሮውን ላመጣልኝ ሰው መጽሐፉ የራሱ ይሆናል» አልሁ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ተመልሳ የምትይዘኝ እርስዋ ናት። መዝገበ ቃላቱ ለአንድ አስተማሪ ደመወዝ ቀላል ዋጋ የነበረው አይደለም።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ቆጥራችሁ እንደ ሆነ ከአሥራ ሁለቱ ፊደላት ስድስቱ ሳብዕ ናቸው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። በአማርኛ ከሁሉ አብልጦ የሚዘወተረው እርከን ሳድስ መሆኑን ማንም ሰው አንድ ገጽ ቆጥሮ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ እንግዲያው በምስጢሩ ጽሑፍ ውስጥ ሳብዕ ከበዛ፣ ያ ሳብዕ ሳይገፋ በፊት ሳድስ ነበረ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ሊቅ አል ኪንዲ፣ የፊደላትን ብዛት በመቁጠር የምስጢር ጽሕፈትን መፍታት እንደሚቻል ጽፎ አስረድቷል። አንዲት ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ተማሪዬ ስለ አል ኪንዲ አንዳች ሳትሰማ በዚሁ መንገድ ደረሰችበት። ሳብዑን ሁሉ ወደ ሳድስ መለሰችው፤ ሌላውንም በዚያው ልክ አንድ አንድ እርከን ወደኋላ ሳበችውና «ከዋርካው በስተምሥራቅ» ሆነላት። የቀረው የጽሑፉ ክፍል አርባ እርምጃ ሄዶ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር መመልከት እንደሚያስፈልግ ይናገር ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ወደ ክፍል የገባው ሌላ ልጅ ነበር፤ ያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው። እኔም ደስ ብሎኝ «እንዴት ፈታኸው?» አልሁት።

«አልፈታሁትም» አለ፣ ሳያፍር። «ዘበኛውን፣ አባባ፣ መምህር ቅዳሜ ዕለት ቆርቆሮ ይዘው ወዴት ሄዱ? አልኋቸው። እሳቸውም አሳዩኝ።»

ተቆጣሁ። ይህ ስርቆት እንጂ ፍለጋ አይደለም የሚል ቃል ከአፌ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ልጁ ረጋ ብሎ «መምህር፣ እርስዎ እኮ አምጡ አሉ እንጂ ፍቱ አላሉም» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አላልሁም ነበር።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ልጅቷ ቀረች። በሁለት ገጽ ወረቀት ላይ ሥራዋን ሁሉ፣ የሳብዑን ቆጠራ ሳይቀር፣ በሠንጠረዥ አድርጋ ጽፋ ከጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሰኞ ከትምህርት በኋላ ከዋርካው ተነሥታ አርባ ቆጥራ ነበር፤ ከቆመችበት ቦታ ሣር እንጂ ድንጋይ አልነበረም፤ የተሳሳተች ስለ መሰላት ወደ ቤቷ ሄደች፤ ማታውንም ስሕተቷን ስትፈልግ አመሸች። ከዚያ በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ እርምጃው የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አብረን ወጣንና በሜትር ለካን። የኔ እርምጃ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ የስዋ 62። በአርባ ስናባዛው የኔ 32 ሜትር፣ የስዋ ከ25 ሜትር ጥቂት የሚያንስ መጣ። ሰባት ሜትር ሲቀራት ቆማለች። ልኬትን ከነመስፈርቱ ጻፉ እያልሁ በቀይ እርሳስ ነጥብ የምቀንስ ሰው እኔ ነኝ!

መዝገበ ቃላቱን ለልጁ ሰጠሁት፤ የተናገርሁት ቃል ነበርና። እሱም ሲቀበለኝ ብዙ ደስ አላለውም። ልጅቷን ግን ምን ልስጣት? በዚያ ሳምንት ይህን ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ፣ በመጨረሻው በእንግሊዝ አገር በሁለት አስተማሪዎች ላይ የደረሰውን ነገር ለክፍሉ አጫወትኋቸው። ለእናንተም ባጫውታችሁ መልካም ነው፤ ታሪኩ ከኔ ቆርቆሮ ይልቅ እጅግ ትልቅ ነውና።

ኪት ዊሊያምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ አለ። ቶም ማሽለር የተባለ የመጻሕፍት አሳታሚ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላደረገውን ዓይነት የሥዕል መጽሐፍ እንዲሠራ ጠየቀው። ዊሊያምስም የሥዕል መጽሐፍን ሰው አንድ ጊዜ አገላብጦ እንደሚጥለው ያውቅ ስለ ነበረ፣ ሰው ሥዕሉን ደጋግሞ እንዲያይ የሚያስገድድ ነገር አሰበ። ከ18 ካራት ወርቅ ጥንቸል ሠራ፤ በዕንቊም አስጌጠው። ብረት የሚጠቁም መሣሪያ እንዳያገኘውም ከሸክላ በተሠራ ማኅደር ውስጥ ከተተው። በኦገስት 1979 ባምበር ጋስኮይን የተባለውን የታወቀ የቴሌቪዥን ሰው ምስክር አድርጎ በአንድ ስፍራ ቀበረውና፣ ጨረቃ ለፀሐይ የላከችውን ጌጥ መንገድ ላይ ስለ ጣለ ጥንቸል የሚተርክ፣ 15 ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ስም «ማስከሬድ» ነው። የወርቁን ጥንቸል ቦታ የሚናገረው ምስጢር በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ነበረ።

መጽሐፉ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ተሸጠ። ሕዝቡም አካፋውን አነሣ። አንዱ የከተማ አትክልት ቦታ ይቈፍራል፤ ሌላው የሰው እርሻ ይገለብጣል፤ ስሙ በእንግሊዝኛ የጥንቸል ሜዳ የሚል ትርጉም ያለው ሄርስፊልድ የሚባል ኮረብታ በቈፋሪዎች ከመወረሩ የተነሣ፣ ጥንቸሉ እዚህ የለም የሚል ማስታወቂያ እንዲተከልበት ሠዓሊው ራሱ ገንዘብ ከፈለ።

መፍትሔው ግን የሚያስገርም ንጽሕና ያለው ነበረ። እያንዳንዱ ሥዕል በዙሪያው ፊደላት የተጻፉበት ክፈፍ አለው። በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሰዎችና እንስሳት ከያንዳንዱ ግራ ዓይን ተነሥቶ በግራ እጁ ረጅም ጣት ላይ የሚያልፍ መሥመር እስከ ክፈፉ ድረስ ይሰመራል፤ መሥመሩ የነካው ፊደል ይያዛል። እንደዚሁም ከግራ ዓይን በግራ እግር ረጅም ጣት፣ ቀጥሎም በቀኝ በኩል በዚያው ሥርዓት። የተገኙት ፊደላት በየሥዕሉ ቃል ይሆናሉ፤ ቃላቱም ሲገጠሙ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት በቀትር የካትሪን ረጅም ጣት ጥላው የሚያርፍበትን መሬት ተመልከት የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ይሰጣሉ። ከዚህም በላይ የየሥዕሉ መልእክት የመጀመሪያ ፊደላት ለብቻቸው ሲነበቡ ቦታው በአምፕትሂል አጠገብ መሆኑን ይናገራሉ። አምፕትሂል በቤድፎርድሺር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የፈታት ንግሥት ካትሪን በዚያ ተቀምጣ ነበር፤ ለመታሰቢያዋም በ1773 የቆመ መስቀል በመናፈሻው ውስጥ አለ። «ጣት» የተባለው ይህ መስቀል ነው።

የጥላው ነገር ለኛ እንግዳ ሊመስል ስለሚችል አንድ ቃል ልጨምር። በመጋቢት በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ ቀትር ላይ 10 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ከ60 ብቻ ነው፤ ፀሐይ አናታችን ላይ ለመድረስ 9 ዲግሪ ብቻ ይቀራታልና። በአምፕትሂል ግን ኬክሮሱ 52 ዲግሪ ስለ ሆነ ያው ምሰሶ 12 ሜትር ከ80 የሚሆን ጥላ ይጥላል። በሌላ ወር የሄደ ሰው ጥላውን ከሌላ ስፍራ ያገኘዋል፤ ካልሆነም ማስላት አለበት።

ማይክ ባርከርና ጆን ሩሶ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ አስተማሪዎች፣ አንዱ በማንችስተር፣ ሁለተኛው ሮሳል በሚባል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ፈቱት። ወደ አምፕትሂልም ሄደው ቈፈሩ። ጥንቸሉን አላገኙም።

በ1982 መጀመሪያ ላይ ግን ኬን ቶማስ ነኝ የሚል ሰው ቦታውን የሚያሳይ ንድፍ ለዊሊያምስ ልኮ ነበር። ንድፉ ትክክል ነው፤ ስለ ዓይኖቹና ስለ ጣቶቹ ግን ሰውዬው አንዳች አልጻፈም፤ ምስጢሩን ሳይፈታ በግምት የደረሰ መሰለ። ሆኖም ቦታውን በትክክል ያመለከተው የመጀመሪያው ሰው እሱ ስለ ነበረ ዊሊያምስ አሸናፊ ነህ አለው። የሁለቱ አስተማሪዎች ደብዳቤ ከነሙሉ መፍትሔው የደረሰው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። በስፍራው ከታየው ምልክት እንደ ተገመተው፣ ባርከርና ሩሶ የሸክላውን ማኅደር በአካፋቸው ከአፈሩ ጋር አውጥተውት ነበር፤ ጭቃ ስለ ለበሰ ሳያስተውሉት ቀሩ፤ ቶማስም ያገኘው እነርሱ ከጣሉት የአፈር ክምር ውስጥ ሳይሆን አልቀረም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1988፣ ሰንዴይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የነገሩን ጓዳ አወጣው። ኬን ቶማስ የሚለው ስም የሐሰት ነበረ። ጋዜጣው እንደ ጻፈው የሰውዬው የንግድ ባልደረባ፣ ቀድሞ ከሠዓሊው ጋር ትኖር ከነበረች ሴት ጋር ይወዳጅ ነበር፤ አምፕትሂል የሚለውም ፍንጭ የመጣው ከስዋ ነው። ዊሊያምስም በነገሩ እጅግ አዘነ። ጥንቸሉ በመካከሉ ለአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሽልማት ተብሎ ቀርቦ ነበር፤ የጨዋታውን እንቆቅልሽ ግን ማንም አልፈታውም፤ ኩባንያውም ወደቀ። በዚያው በዲሴምበር ጥንቸሉ በሶዝቢስ ሐራጅ ለ31,900 ፓውንድ ተሸጠ። ሠዓሊው ሊገዛው ሄዶ ነበር፤ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። እንደገና በዓይኑ ያየው በ2009 ነው።

ይህን ጨርሼ ለክፍሉ «ጥንቸሉ የማን ነው?» አልኋቸው። ጫጫታው እስከ ቀጣዩ ክፍል ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከፊሎቹ ሕግ ሕግ ነው፣ ቀድሞ ያመለከተ ይወስዳል አሉ። አንዱ ደግሞ ያወጣኸውን አፈር በእጅህ ሳታይ ከጣልህ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ በአስተማሪዎቹ ላይ ፈረደ፤ በዚህ ላይ የሚመልስለት አጣ። እኔ ግን የዚያን ዕለትም ዛሬም የማምነው፣ ከሁሉ በፊት የሳተው ሽልማቱን ያዘጋጀው ሰው ነው። ዊሊያምስ «የት ነው?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «እንዴት አወቅህ?» ብሎ አልጠየቀም። «የት» የሚለውን ጥያቄ ምስጢሩን የፈታ ሰው ይመልሰዋል፤ ዘበኛው የነገረው ሰውም ይመልሰዋል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለውም። በሒሳብ ፈተና ላይ አሠራሩን አሳዩ የምንለው ለማሠቃየት የሚመስላቸው ተማሪዎች ካሉ ይህን ያስቡልን።

ዝም ብላ ስትሰማ የቆየችው ልጅ በመጨረሻው እጇን አነሣች። «እነሱ ከኔ ይሻላሉ» አለች፣ ፈገግ ብላ። «እነሱ አካፋው ላይ አድርሰውታል፤ እኔ ድንጋዩን እንኳ አላየሁትም።» ያ የኋላ ወንበር ልጅ ከሁሉ ይልቅ ሳቀ፤ በዕረፍት ሰዓትም ወረቀቷን እንድታሳየው ሲለምናት አየሁ። ሳብዑ ለምን ሳድስ እንደ ሆነ ገና አልገባውም ነበር።

በጂኦካሺንግ ዘንድ የዊሊያምስ ችግር በሌላ መንገድ ቀሏል። ሣጥኑን መሬት ቈፍሮ መቅበር በደንብ የተከለከለ ስለ ሆነ አካፋ አያስፈልግም፤ ሽልማትም የለም። ያገኘው ሰው በደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሣጥኑን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና መቶኛው ሰው እንደ መጀመሪያው እኩል ያገኘዋል። የተፈታውን ቁጥር ከጓደኛው ተቀብሎ የሚሄድ ሰው በዚያም አይታጣም። የሚያተርፈው ነገር ግን በደብተር ላይ አንዲት መሥመር ብቻ ስለ ሆነ ማንም አይጣላውም።

እኔም ቆርቆሮውን ለሁለተኛ ጊዜ ደብቄዋለሁ። ርቀቱ አሁን በሜትር ነው፤ መዝገበ ቃላት የለበትም፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ አሉበት። ዘበኛውንም አላስቸግርም ብዬ በሌሉበት ሰዓት ነው የደበቅሁት። በክዳኑ ላይ የሚከተለውን ጽፌበታለሁ፤ ስንት እርከን እንደ ገፋሁት አልናገርም፤ የበዛውን እርከን የቆጠረ ሰው ያገኘዋል፤

ዲበቲራ ልየ ፊረመ